ሊፍት የማን ወንበር ነው?

በትምህርት ክፍላችን ሰሌዳ ላይ ሰሞኑን የተለጠፈውን የእግር ጉዞ ክበቡን ማስታወቂያ ያላነበበ ያለ አይመስለኝም። ከእንጦጦ ማርያም ተነስቶ በጫካው አናት አናት ወደ ምሥራቅ መጓዝ፣ አንድ ሌሊት ድንኳን ውስጥ አድሮ ለገዳዲ መውጣት። እስከዚህ ድረስ ሸጋ ነው። ብዕር ያስጨበጠኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ከለገዳዲ "አንድም ሳንቲም ሳያወጣ" በሊፍት ቀድሞ ሾላ ገበያ የደረሰ ቡድን ይሸለማል ይላል።

ክበቡ ውስጥ ጓደኞች አሉኝ። ይህን ሲያነቡ "አንተ ደግሞ ጨዋታ አታውቅም" እንደሚሉኝ ይገባኛል። ነገር ግን ጨዋታውን አውቀዋለሁ፤ ተጫውቼዋለሁም። እንዲያውም ሰው ቀድሜ ሾላ ገበያ ደርሼበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬን እየተማርኩ ሳለ፣ አራት ሆነን መንዝ ወጣን። ከመሐል ሜዳ ተነስተን፣ በጓሳ በኩል የገደሉን ጠርዝ ይዘን ስድስት ቀን በእግራችን ተጓዝንና መዘዞ አካባቢ መኪና መንገድ ላይ ወጣን። (ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለውን ሁኔታ ሁላችንም ስለምናውቀው፣ ዛሬ ይህን መንገድ ድገሙት ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።)

ስለ ጓሳ ትንሽ ልበል፤ ለጉዳዬ ያስፈልገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኝ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሰፊ ደጋ ነው። ጭላዳው በመንጋ ይግጣል፣ ቀይ ቀበሮው ከፊታችሁ አይጥ ያድናል፣ ጅብራው ተገትሮ ያያችኋል። ስሙን ያገኘበት ጓሳ ሣር ደግሞ ለመንዜ ሁሉ ነገሩ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ዝናብ የሚመክተው ገሳም ከእሱ ይሠራል። ይህ ሜዳ እስከ ዛሬ የቆየው ሰው ስላልደረሰበት አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ "ቄሮ" በሚባል ሥርዓት ስለተጠበቀ ነው (ከሌላው ቄሮ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው)። ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች አማካይነት ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ማንም ከተፈቀደለት ቀን ቀድሞ ማጭድ ይዞ አይገባም። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ነዋሪው ግን ኋላ በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቋመው። ባጭሩ፣ እኛ "በረሃ ገባን" ብለን የፎከርንበት ቦታ ሁሉም ነገር በተራ የሚሆንበት አገር ነበር። ታዲያ ስንወጣ ምን ብንል ጥሩ ነው? "በቃ፣ ወደ ሥልጣኔ ተመለስን!"

የመጨረሻዋን ሌሊት አንድ ገበሬ ደጅ አደርን። መሽቶብናል፣ አሳድሩን አልናቸው። "ግቡ ልጆቼ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው" አሉን። እኛ ግን ድንኳን አለን፣ ውጭ ነው የምንተኛው፣ አናስቸግርዎትም ብለን ድርቅ አልን። እንዳናስቸግራቸው ነው እንግዲህ! ሽማግሌው ነገሩ ጨርሶ አልገባቸውም። ቤት እያለ ሰው ውጭ ያድራል? በኋላ እሺ ብለው ድንኳናችንን ከበረቱ አጠገብ ተከልን። ሌሊት ለሽንት ስወጣ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ታቅፈው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ውሻውም አጠገባቸው ነው። "ምነው አባባ፣ አልተኙም?" ብላቸው፣ "ጅብ ቢበላችሁ አገሩ ምን ይለኛል?" አሉኝ። ከቤት ብንገባ ኖሮ እሳቸውም በተኙ ነበር። ለአራት ሰው "ነፃ" መኝታ የአንድ ሽማግሌ እንቅልፍ ተከፈለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን እንደ ጥሩ ወግ ብቻ ነበር የያዝኩት።

ጠዋት መንገድ ዳር እንደ ጅብራ ተገተርን። ከእኛ በፊት አንዲት እናት ቆመው ነበር። በፌስታል የተሸፈነ አንድ ባልዲ ቅቤ ይዘዋል፤ ከንጋት ጀምሮ እዚያ እንዳሉ ነገሩን። የደብረ ብርሃን ገበያ ሊያመልጣቸው ነው። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ገብስና ባቄላ የጫነ አይሱዙ መጣ። ጋቢና ውስጥ ሁለት ሰው የሚሆን ቦታ አለ። ረዳቱ ወርዶ ባልዲውን ተቀብሏቸው ጋቢና ውስጥ አስገባ። ከዚያ ዞር ብሎ ሻንጣችንን አየ።

"እናንተስ የት ናችሁ?"

"ሾላ ገበያ።"

"የትኛው ሾላ?" አለ። ጥያቄው እውነቱን ነው፤ በሰሜን ሸዋ ሾላ ገበያ የሚባል ሌላ ከተማ አለ። አዲስ አበባ፣ መገናኛ ጋ ያለው ስንለው ፊቱ ፈካ። እትዬ የሚከፍሉት 30 ብር ነው። ከእኛ አንዱ በያንዳንዳችን መቶ መቶ ብር አለ። ሁለታችሁ ጋቢና፣ ሁለታችሁ ከጆንያው ላይ ተባለ። ረዳቱ ባልዲውን ቀስ አድርጎ፣ ቅቤው እንዳይነካካ ተጠንቅቆ፣ መልሶ አወረደው። "እትዬ፣ ከኋላ ሌላ መኪና አለ፤ ያነሳዎታል" አላቸው። ይኑር አይኑር እሱም አያውቅም።

አንዳችን "ይቅር፣ እሳቸው ይቅደሙ" ማለት ነበረብን። እኔ አላልኩም። እትዬ ግን እኛን አይተው "ይሁን ልጄ፣ እናንተ መንገደኞች ናችሁ፤ እኔ አገሬ ነው" አሉኝ። ጋቢና ገብቼ ተቀመጥኩ። ጣርማበር፣ ደብረ ብርሃን፣ ሸኖ፣ ሰንዳፋ፣ ኮተቤ፤ ከሰዓት በኋላ ሾላ ገበያ ነበርን። ገበያ ያመለጠው ቅቤ ምን እንደሚሆን ሾላ ያደገ ሰው አይጠፋውም፤ ወይ ሳምንት ይቆያል፣ ወይ መንገድ ላይ ለተገኘ ነጋዴ በወረደ ዋጋ ይሰጣል። እናቴ የሸኖ ቅቤ እያለች ሾላ ስትከራከር የሰማሁት የዋጋው መጨረሻ ጫፍ ነበር፤ መነሻውን ያየሁት በዚያ ጠዋት ነው።

አሁን ወደ ማስታወቂያው ልመለስ። ሊፍት የሚባለው ነገር ከውጭ አገር ፊልምና መጽሐፍ የመጣልን የነፃነት ምልክት ሆኖ ነው። በአሜሪካ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀውን የአፓላችያን መንገድ የሚጓዙ ሰዎች ስንቅ ሲያልቅባቸው አውራ ጎዳና ላይ ወጥተው አውራ ጣት ያሳያሉ፣ ከተማ የሚያደርሳቸውም አያጡም። ደግ ነው። ግን እዚያ ብዙው መኪና አራት ወንበር ይዞ አንድ ሰው ነው የሚጭነው፤ በመንገዱ ዳርም ባልዲ ይዞ የሚጠብቅ ገበያተኛ የለም። እኛ አገር ገጠር ውስጥ ግን ሊፍት ማለት የሕዝብ ትራንስፖርት ማለት ነው። አውቶብስ በሌለበት መንገድ የአይሱዙ ጋቢና የመስመር መኪና ነው። እዚያ ላይ እጅ ያወዛወዘ ተጓዥ ባዶ ወንበር አያገኝም፤ የሰው ወንበር ነው የሚያገኘው።

እናንተ ከፍላችሁ ነው እንጂ እኛ አንከፍልም የሚል መልስ ይመጣል። ይሄ እኮ የባሰ ነው። እኛ በገንዘባችን በለጥናቸው፤ እናንተ ደግሞ በመልካችሁ ትበልጧቸዋላችሁ። ከእንጦጦ እስከ የካ ያለውን መንገድ የሄደ ሰው ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች አይቷል። የትኛው የቤት መኪና ነው ለእነሱ ሲቆም ያያችሁት? ለተማሪ፣ ለሻንጣ፣ ለሳቅ ግን ይቆማል። ውድድሩ የሚለካው ጉብዝናን ሳይሆን ሾፌር ለማን እንደሚያዝን ነው። በጭነት ላይ ሰው መጫን የተከለከለና አደገኛ መሆኑን አልደግመውም፤ ክበቡም ያውቀዋል።

የእንግዳ ተቀባይነት ባህላችንስ የሚለኝ ይኖራል። እሱን ነው የምለው! ሽማግሌው በራቸው ላይ ያነጉት፣ እትዬም "ይሁን ልጄ" ያሉት ባህሉ ስላለ ነው። ባህሉ ለመሸበት፣ ለታመመ፣ መንገድ ለጠፋበት ሰው ነው። እንደ ውድድር ሜዳ ስንጠቀምበት ግን ባለቤቶቹን እናከስራለን፤ እነሱ ደግሞ አይነግሩንም።

ኩባውያን ለዚህ መላ ነበራቸው። የሶቪየት ኅብረት ፈርሳ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነዳጅ ሲጠፋ፣ ቢጫ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች መንገድ ላይ ቆመው የመንግሥት መኪናዎችን እያስቆሙ፣ ትርፍ ወንበር ካለ ሕዝቡን እንደ ተራው ያሳፍሩ ነበር። በልብሳቸው ቀለም "አማሪዮ" ይሏቸዋል፤ ቢጫ ማለት ነው። በደርግ ዘመን ኩባ ከተማሩት በሺዎች ከሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መካከል በዚያ ጊዜ እዚያው የነበረ ካገኛችሁ ጠይቁት። እዚያም ሊፍት ነው፤ ግን ቀድሞ የቆመ ቀድሞ ይሄዳል። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ በዝናብ የምንጠብቀውን ተራ ከለገዳዲ ስንነሳ የምንረሳበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ክበቡን የምጠይቀው ጉዞውን እንዲሰርዝ አይደለም። የሊፍት ውድድሩ ይቅርና የመመለሻ ታክሲ ሒሳብ ከመዋጮው ላይ ይታሰብ፤ ለማይችል ደግሞ የቻለው ይክፈልለት። ጉልበት ያለው ቡድን መወዳደር ካማረው በእግሩ እስከ ሾላ ይምጣ፣ እኔም አጨበጭባለሁ። ድንኳንም ከሰው ደጅ ከመትከል በፊት ባለቤቱ እንቅልፍ እንዳያጡ ይጠየቁ። የእግር ችግር ወይም ሕመም ገጥሞት ሊፍት የግድ የሆነበት ሰው ከተገኘ ይቁም፣ ግን መንገዱ ላይ ቆመው ካገኛቸው ሰዎች ሁሉ ኋላ ይቁም።

ስሜ ከተመዝጋቢዎቹ ዝርዝር ውስጥ 11ኛ ላይ አለ፤ አልሰረዝኩትም። ለገዳዲ ስደርስ የታክሲ ሒሳቤን ከፍዬ ነው የምመለሰው፤ ቡድኔ በዚህ ምክንያት ከተሸነፈ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።