ማቆሚያችንን ሁለት ጊዜ ሠራነው

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤታችን በድጅኖ ድምፅ ነቃ። ሁለት ወጣቶች ከግቢው በር እስከ በረንዳው የተዘረጋውን አርማታ ይፈነቅሉ ነበር። አርማታው አርጅቶ አይደለም። የተሞላው በግንቦት ነው፤ ያየውም አንድ ክረምት ብቻ ነው። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲመለከት ቆየና፣ «የምናስፈርሰው እኮ የልጃችንን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ለታላቅየው ካስቀመጥነው ላይ «በኋላ እንተካዋለን» ብለን ወስደን ነበር የሠራነው።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፌ እናንተ ይህን ወጪ ሁለት ጊዜ እንዳታወጡ ነው።

ያስቸኮለን የትንሿ ልጃችን ክርስትና ነበር። እንግዳ ይመጣል፣ ግቢው ጭቃ ነው፣ መኪና የሚቆምበት የለም። ግንበኛ ጠራን፤ ሐሙስ ተሞላ። እሁድ ዕለት የአክስቴ ልጅ ፒካፑን ይዞ ሲመጣ፣ ግንበኛውን በስልክ ብጠይቀው «ደርቋል እኮ፤ በእግርዎ ይርገጡት» አለኝ። ረገጥኩት፤ እውነትም ደርቋል። ፒካፑ ገባ። ነሐሴ ላይ ጎማ የሚያርፍበት ቦታ ተሰነጠቀ። መስከረም ላይ አንደኛው ጥግ ተነሥቶ ሌላኛው ሰመጠ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ስብርባሪውን በእጃቸው አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ አርማታ ስለደረቀ አይጠነክርም። የሚጠነክረው ውሃ ሲጠጣ ነው» አሉኝ። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ድንጋይ የሚሆነው በቀናትና በሳምንታት ነው። ውሃው ቀድሞ በፀሐይና በነፋስ ካለቀ ሥራው በጅምር ይቀራል። ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ደካማ ይሆናል። እኛ ግን አንድ ባልዲ ውሃ እንኳ አላጠጣነውም ነበር።

ዋጋ ሳይሆን ብዛት ይወቁ

የግብይት ባለሙያ ስለሆንኩ መጀመሪያ የጠየቅሁት ዋጋ ነበር። ስህተቴም ከዚያ ይጀምራል። የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ የእኛን ብነግርዎት መጽሔቱ እጅዎ እስኪገባ ያረጃል። የማይለወጠው ብዛቱ ነው። ብዛቱን ካወቁ፣ በገዙበት ቀን ዋጋ ማባዛት ብቻ ነው የሚቀርዎት።

ለአንድ የቤት መኪና 3 ሜትር በ5.5 ሜትር የሆነ ቦታ ይበቃል። ውፍረቱ 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 2 ሜትር ኩብ ያህል አርማታ ይፈልጋል። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር በሚለው ልክ ሲሰላ የሚያስፈልግዎት ይህ ነው፦

• ሲሚንቶ፦ 7 ኩንታል፣ ማለትም 14 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት
• አሸዋ፦ 1 ሜትር ኩብ
• ጠጠር፦ 1.5 ሜትር ኩብ
• ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ወዲህና ወዲያ ለማሰር፦ 15 ቤርጋ (አንዱ 12 ሜትር ነው)
• ከሥር ለሚደረደረው የ25 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ፦ 4 ሜትር ኩብ ያህል

ለብክነት ትንሽ ይጨምሩበት። አሸዋው ጥቂት ስለሆነ ሙሉ ሲኖትራክ አይዘዙ። ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መግዛት ወይም በትንሽ መኪና ማስመጣት ይሻላል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ የማይታየው ወጪ ደግሞ አፈሩ ነው። ግማሽ ሜትር ያህል ከተቆፈረ ከ8 ሜትር ኩብ በላይ አፈር ይወጣል። የሚጭነው መኪና፣ የሚያወጣው የቀን ሠራተኛ፣ የሚደፋበት ቦታ ሁሉ ዋጋ አለው። የመጀመሪያው ግንበኛችን በርካሽ የተስማማው ይህንን ሳያስገባ ነበር። እኛም ርካሽነቱን ስለወደድነው አልጠየቅነውም።

ገንዘቡ ከሥር ነው

ቦሌን ጨምሮ በብዙ የአዲስ አበባ ሜዳማ አካባቢዎች አፈሩ መረሬ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። በላዩ ላይ የተኛ አርማታ አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። የኛም ጥግ የተነሣው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ መረሬው ይውጣ፤ በምትኩ ገረጋንቲ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተርከፈከፈበት፣ በኮምፓክተር ይጠቅጠቅ። ከዚያ ድንጋዩ ይደርደር። መረሬው ከግማሽ ሜትር በታችም ከቀጠለ ባለሙያ ሳያማክሩ አይለፉ።

ከመሞላቱ በፊት ሦስት ነገር ይዩ። አንደኛ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር በየት እንደሚያልፍ ይወቁ። ነገ መስመር ቢያስፈልግዎ አርማታ እንዳይሰብሩ አሁኑኑ ባዶ ቱቦ ከሥር ያሳልፉ። ሁለተኛ፣ ተዳፋቱን በውሃ ልክ ያስለኩ። በ5.5 ሜትር ርዝመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ይበቃል። ውሃው ወደ ቦይ እንጂ ወደ ቤትዎ ወይም ወደ ጎረቤት ግድግዳ አይሂድ። ሦስተኛ፣ አሸዋውን ይፈትኑ። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ እስከ ግማሽ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ ጨምረው ይነቅንቁና ያሳድሩት። ጠዋት ከአሸዋው በላይ ወፈር ያለ የጭቃ ንብር ካዩ አሸዋው ይታጠብ፣ ካልሆነም ይመለስ።

በሙሌቱ ቀን እርስዎ ወይም የሚያምኑት ሰው ከሚክሰሩ አጠገብ ይቁም። ሠራተኛው ለማንጠፍ እንዲቀለው ውሃ ማብዛቱ የተለመደ ነው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከአንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን በላይ ውሃ አይግባ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀንስ። ፌሮው መሬት ላይ እንዳይተኛ ከሥሩ ትንንሽ የሲሚንቶ ጠፍጣፎች ይደረጉለት። ርዝመቱ መካከል ላይም 3 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ መስመር ይውጣለት። አርማታ ሲሰበሰብ መሰንጠቁ ስለማይቀር በመረጡለት ቦታ ይሰንጠቅ።

ሰባት ቀን ውሃ

ሁለተኛውን ኅዳር ላይ አስሞላን። ላዩ እንደጠጠረ በጆንያ ሸፈንነው፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ውሃ አጠጣነው። በጋሼ ምክር ከግንበኛው ክፍያ ጥቂቱን ከሰባት ቀን በኋላ እንድንሰጠው አስቀድመን ተስማማን። እሱም በየቀኑ እየመጣ ጆንያው እርጥብ መሆኑን ያይ ነበር። የማታው ተራ የታላቅየው ነበር። በትንሽ ጆግ እየተመላለሰ ሲያጠጣ «እማዬ፣ መቼ ነው የሚበቅለው?» ብሎኛል።

ሰባት ቀን ዝቅተኛው ነው። አርማታ የታሰበለትን ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ፒፒሲ ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ ጥንካሬው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። እኛ 28ቱንም ቀን መኪናችንን ውጭ አቆምን። ለጥበቃው የከፈልነው ከመጀመሪያው ፍርስራሽ ማስጫኛ ያነሰ ነበር።

አቅምዎ ካልፈቀደ ሙሉውን መሙላት ግዴታ አይደለም። ጎማ የሚያርፍባቸውን ሁለት መስመሮች ብቻ፣ እያንዳንዳቸውን 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሰጥተው ቢሞሉ፣ አርማታው ከግማሽ በታች ይሆናል። መካከሉ ሣር ይሆናል፤ የዝናቡም ውሃ ይሰርጋል። ኮብልስቶንም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ቢሰምጥ ተነሥቶ እንደገና ይነጠፋል። የከርሞው ግቢ ቢሰጠኝ እኔ ሁለቱን መስመሮች እመርጥ ነበር።

ክርስትናው አልፏል። እንግዶቹ ማቆሚያችን አዲስ እንደነበር የሚያስታውሱ አይመስለኝም። ያን ቀን መኪኖቹን መንገድ ዳር ብናቆማቸው ኖሮ ማንም አይቀየመንም ነበር። ድግስ ደርሶብዎት ግንበኛ ሊጠሩ ካሰቡ፣ ለዚያ ቀን ጭቃው ላይ ጠጠር ይበትኑ። አርማታውን እንግዳ ከሸኙ በኋላ፣ ሰባት ቀን ውሃ የሚያጠጣ ሰው ሲያገኙ ያስሞሉ። የታላቅየውን ክፍያ ግን እስካሁን ተክተን አልጨረስንም።