ጅብ እና ሁዳዴ

ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ከየጓሮው የሚጣለው አጥንትና አንጀትም ይጠፋል። በዚያ ትራፊ የከረመ ጅብ 55 ቀን ምን በልቶ ይሰነብታል? የመቐለ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ግደይ ይርጋ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ጠይቀው በትግራይ የጅብ ዓይነ ምድር ሰበሰቡ፤ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር እየለዩም የበላውን አወቁ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በጆርናል ኦፍ አኒማል ኢኮሎጂ ታተመ። የአህያ ፀጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር፤ ጾሙ ሲያልቅ 33.1 ደረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ወደ 22.2 ወረደ። እኛ ከሥጋ ስንርቅ ዕዳውን የከፈለችው አህያ ናት።

እኔ ይህን ጥናት ሳነብ የታየኝ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ገጠር ነው። የእኛም ሰው ይጾማል፤ የእኛም አህያ ቀኑን በቆሎና በርበሬ ገበያ ስታደርስ ውላ ደጅ ታድራለች፤ ካረጀችማ በረት የሚያስገባት አታገኝም። ጠዋት ተበልታ ስትገኝ «ዘንድሮ ጅቡ ባሰበት» እንላለን። ጅቡ ግን የኖረው እኛን ተከትሎ ነው፤ ስንበላ ትራፊያችንን ይለቅማል፣ ስንጾም ደጅ ያሳደርነውን ይወስዳል።

ሰውን እያየ ጠባዩን የሚለውጠው ጅብ ብቻ አይደለም። ኬትሊን ጌይነርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 በሳይንስ መጽሔት ባወጡት ሥራ ከስድስት አህጉራት የተገኙ 76 ጥናቶችን፣ 62 የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎችን መረመሩ። ሰው በበረታበት ስፍራ የእንስሳቱ የሌሊት እንቅስቃሴ በአማካይ 1.36 እጥፍ ሆኖ አገኙት። ቀንና ሌሊትን እኩል ይከፍል የነበረ እንስሳ 68 በመቶውን ለሌሊት ያደርጋል ማለት ነው። ደግሞ የሚያስሸሻቸው ጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ እርሻና የእግረኛ መንገድም ይበቃል። ድኩላችን ቀን ከቁጥቋጦ ወጥቶ የማይታየው ለዚህ ይመስለኛል።

ጦጣና ዝንጀሮ ግን ሌሊቱ አይሆንላቸውም፤ ሲመሽ ገደል ወይም ትልቅ ዛፍ ላይ ያድራሉ። ስለዚህ እነሱ የሚያጠኑት ሰዓቱን ሳይሆን ጠባቂውን ነው። ማሳ ያለው ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጦጣ ወንጭፍ የያዘ ጎልማሳ ስታይ ትሸሻለች፣ ሕፃን ስታይ ትደፍራለች፣ ጠባቂው ምሳ ሲሄድ ትገባለች። በቆሎው እሸት በያዘበት በመስከረም ግን ማማ ላይ የምናወጣው ያንኑ ሕፃን ነው፤ ትምህርት ቤት በተከፈተበት ወር። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል።

ጦጣዋን ወደ ማሳው ያመጣናትም እኛው ነን፤ በየወንዙ ዳር ሾላውን፣ ዶቅማውንና ዋንዛውን ቆርጠን በቦታው ባሕር ዛፍ ተክለናል። ባሕር ዛፍ ለጣሪያ ማገር ይሆናል፤ ለጦጣ ግን የሚበላ ፍሬ የለውም፤ ከሥሩ ያለው በቆሎ ነው ምግቧ። በብርና በፈጠም ወንዞች ዳር የቀረው የፍሬ ዛፍ ይከለል ስል ለማሳውም ማሰቤ ነው።

የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ ተማሪዎች የግደይን ሥራ እዚሁ ቢደግሙት እወዳለሁ። የሚያስፈልገው ማጉያ መነጽርና ትዕግሥት ነው፤ ከቅበላ በፊት፣ በሕማማት ሰሞንና ከፋሲካ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ ደን ዙሪያ የጅብ ዓይነ ምድር መሰብሰብ። እስከዚያው ግን ገበሬው ጥናት የሚጠብቅበት ምክንያት የለም፤ በመጪው ሁዳዴ አህያዋ በረት ትደር።