በቅሎ ለምን አትወልድም?

ይህን ጥያቄ የጠየቀችኝ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ለማስተማር ልምምድ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት፣ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነበር። ከኋላ ወንበር እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ፈረስ ይወልዳል፤ አህያም ይወልዳል። የሁለቱ ልጅ በቅሎ ታዲያ ለምንድን ነው የማትወልደው?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደነገጥኩ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። መልሱ ያለው ስለ ተዋልዶ በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ ስለሆነ ነው። ያንን ምዕራፍ ደግሞ፣ «ልጆቹ ይስቁብሃል፤ ወላጆችም ይቆጡሃል፤ ቤታቸው እንዲያነቡት ንገራቸውና እለፈው» ተብዬ አልፌው ነበር። ስለዚህ «እሱ ለፈተና አይመጣም» ብዬ አስቀመጥኳት።

ልጅቱ ተቀመጠች፤ ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ደሴ ድረስ መጣ።

እጩ መምህራን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፤ በዚህ ጽሑፍ የምለው አንድ ነገር ነው። የተዋልዶን ምዕራፍ መዝለል የለብንም። መዝለሉ ጨዋነት ይመስለናል። ነገር ግን እኛ ዝም ባልንበት ቦታ ሌላው ይናገራል። የሚናገረውም አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው፤ የስህተቱም ዕዳ በሰው ትዳር ላይ ይወድቃል። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ያን ቀን ያልመለስኩትን ጥያቄ ልመልስ።

ለወሎ ልጅ በቅሎ እንግዳ አይደለችም። «በቅሎን ‹አባትሽ ማን ነው?› ቢሏት ‹እናቴ ፈረስ ናት› አለች» የሚለውንም ተረት ከአያቱ ሰምቷል። ተረቱ ለቀልድ ይነገር እንጂ ሳይንስ አለበት። የአብዛኛዋ በቅሎ እናት ባዝራ፣ አባቷ ወንድ አህያ ነው። በፈረስ የሰውነት ሴል ውስጥ 64 ክሮሞሶሞች አሉ፤ በአህያ ደግሞ 62። ዘር ሲሠራ ይህ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። ከባዝራዋ እንቁላል 32፣ ከአህያው ዘር 31 ይመጣና በቅሏ 63 ክሮሞሶሞች ይዛ ትወለዳለች።

63 ለመጫንና ዳገት ለመውጣት አላነሳትም። ችግሩ የሚመጣው እሷ በተራዋ ዘር ልትሠራ ስትል ነው። ዘር የሚሠራበት ልዩ የሴል ክፍፍል ማዮሲስ ይባላል። በዚህ ክፍፍል መጀመሪያ ላይ ከእናት የመጣው ክሮሞሶም ከአባት ከመጣው አምሳያው ጋር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሰለፋል። ቀጥሎ ጥንዶቹ ይለያያሉ፤ ለእያንዳንዱ ዘር ከየጥንዱ አንድ አንድ ይደርሰዋል። በበቅሏ ግን የፈረሱና የአህያው ክሮሞሶሞች በቁጥርም በቅርጽም ስለማይገጣጠሙ ሰልፉ ይበላሻል፤ ሥራውም ከመንገድ ይቀራል። ሴቷ ማህፀን አላት፤ ወንዱም ቆለጥ አለው። የጎደለው ሙሉ የሆነ ዘር ነው። እርግጥ የወለዱ በቅሎዎች በጣት የሚቆጠሩ ተመዝግበዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በሞሮኮ የወለደችው አንዷ ናት። ቢሆንም የጥንት ሮማውያን ፈጽሞ የማይሆን ነገር ለማለት «በቅሎ ስትወልድ» ይሉ የነበረው በከንቱ አልነበረም።

በሌሎቹ እንስሳት ሰልፉ ይሰምራል። የበግ 54 ክሮሞሶም 27 ይሆናል። የላምና የፍየል 60፣ 30 ይሆናል። የእኛም 46፣ 23 ይሆናል። ግማሽና ግማሽ ሲገናኙ እንደገና ሙሉ ይሆናል። የምዕራፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

አሁን ወደ ወንዱ እንምጣ። ከደሴ ብርድ ሐረጎን አቋርጦ ኮምቦልቻ የወረደን አውራ በግ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? በደሴ ብርድ ቆለጡ ሽቅብ ተሰብስቦ ወደ ሆዱ ይጠጋል፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። ጨዋታ አይደለም። የወንድ ዘር በደንብ የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ባለ ቦታ ነው፤ ቆለጥ ከሆድ ውጭ የሆነውም ለዚሁ ነው። ሥራው የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። በአውራ በግ ሰባት ሳምንት ያህል፣ በሰው ከሁለት ወር በላይ ይወስዳል። በመሆኑም ዛሬ በከባድ ትኩሳት የታመመ ሰው ዘሩ ሲቀንስ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ከጉርምስና በኋላ የያዘው ጆሮ ደግፍ ወደ ቆለጡ ወርዶ ጉዳት ሊያደርስበትም ይችላል። አንድ ሰው ጉልበተኛና ጎበዝ ስለሆነ ብቻ ዘሩ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም። በዓይን አይታይም፤ በማይክሮስኮፕ ነው የሚታየው።

የሴቷ አሠራር ይለያል። ከአንድ የወንድ እናት ሴል አራት ዘር ሲወጣ፣ ከሴቷ የሚወጣው አንድ እንቁላል ብቻ ነው፤ የቀሩት ክፋዮች ትናንሽ ሆነው ይጠፋሉ። ምክንያቱም እንቁላሏ ስንቅ መያዝ አለባት። ሴት ልጅ የእንቁላል ክምችቷን ይዛ ነው የምትወለደው፤ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይሆናል። ለአካለ መጠን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ገደማ ይቀራል። ከዚያ ሁሉ በዕድሜዋ የሚለቀቀው 400 ያህል ብቻ ነው። ከሁሉ የሚደንቀው፣ የእንቁላሏ ማዮሲስ ልጅቱ ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ተጀምሮ ይቆማል። ለዓመታት ይጠብቃል። ሁለተኛው ክፍፍል የሚያበቃው የወንድ ዘር ከገባ ብቻ ነው።

የሚገናኙትም በማህፀን ውስጥ ሳይሆን በማህፀን ቱቦ ነው። ከሰው በአንድ ጊዜ የሚወጣው ዘር በብዙ ሚሊዮን ይቆጠራል፤ እንቁላሏ አካባቢ የሚደርሰው ግን ከጥቂት መቶ አይበልጥም። ደርሶም ወዲያው አይገባም። በሴቷ ሰውነት ውስጥ ቆይቶ መብሰል አለበት፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1951 ኦስቲን የተባለው አውስትራሊያዊና ቻንግ የተባለው በአሜሪካ የሚሠራ ቻይናዊ ተመራማሪ ለየብቻ አገኙት። አንዱ ዘር የእንቁላሏን ሽፋን አልፎ ሲገባ ሽፋኑ ይለወጥና ለሌላው በሩ ይዘጋል። ፅንስ ይህ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ ከብት የሚያረባ ሰው ይህን ሳይንስ ስሙን ባያውቀውም ይሠራበታል። ላም በ21 ቀን ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች። እንቁላሏ የሚለቀቀው ፍላጎቷ ካበቃ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል በኋላ ነው። ለዚህ ነው የማዳቀል ባለሙያ ጠዋት የታየችውን ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየችውን በማግስቱ ጠዋት የሚያዳቅላት። የቃሊቲው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1981 ተቋቁሞ የኮርማ ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ናይትሮጂን ሲያከማች፣ መሠረቱ ይኸው እውቀት ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ላሟ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠቅታ ካልያዘች ባለቤቱ ምን ይላል? «እስቲ ሌላ ኮርማ ይሞከር» ይላል። ኮርማውም ይጠረጠራል ማለት ነው። ሚስቱ ካልወለደች ግን ባልየውን የሚጠረጥር የለም።

የእናቴ ታናሽ እህት ስድስት ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ አልመጣም። የባሏ ዘመዶች በሌለችበት «በቅሎ» ይሏት ጀመር፤ ኋላ ኋላ ባለችበትም አሉ። እሷ ጠበል ለጠበል ተንከራተተች፤ ሐኪም ቤትም ሄዳ «ምንም የለብሽም፤ ባልሽን ይዘሽ ነይ» ተባለች። እሱ «እኔ ምን ሆንኩና?» ብሎ ቀረ። በመጨረሻ ጓዟን ይዛ ወደ አያቴ ቤት ተመለሰች። ሌላ አግብታ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። የፊተኛው ባሏ ከእሷ ወዲህ ሁለት ሚስት አገባ፤ አንድም ልጅ አላቀፈም። እነዚያንም ሴቶች ሰዉ «መካን» ይላቸዋል። እሱን መርምሩት ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። እሱም ቢሆን ያሳዝነኛል፤ ቢመረመር ሊረዳው የሚችል ነገር ይኖር ይሆናል።

ሳይንሱ የሚለው ሌላ ነው። ባልና ሚስት ልጅ ሲያጡ፣ ከግማሽ በሚጠጋው ጊዜ የወንዱም ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ከስድስት ሰው አንዱ በዕድሜው ልጅ የማጣት ችግር ይገጥመዋል። እርግማን ቢሆን ይህን ያህል ሰው ባልተረገመ! በሀገራችንም በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ እንቁላልና ዘርን ከሰውነት ውጭ አገናኝቶ የሚያክም ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ከፍቷል። እዚያ የሚሄዱት ባልም ሚስትም ናቸው።

ሁለተኛው ክስ ደግሞ «ሴት ብቻ ትወልዳለች» የሚለው ነው። በዚህም ስንቱ ቤት ፈርሷል። የአጥቢ እንስሳ እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ ክሮሞሶም ትይዛለች። ኤክስ ወይም ዋይ ይዞ የሚመጣው የወንዱ ዘር ነው። ኤክስ ከመጣ ሴት፣ ዋይ ከመጣ ወንድ ይሆናል። ይህ ከታወቀ ቆይቷል፤ አሜሪካዊቷ ኔቲ ስቲቨንስ ዋይ ክሮሞሶም የወንድነት ምክንያት መሆኑን በጥንዚዛ ላይ ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በዶሮ ግን ይገለበጣል፤ የጫጩቱን ጾታ የምትወስነው እናቲቱ ናት። እንግዲህ ሚስቱን በሴት ልጅ የሚከስ ባል ሚስቱን ከዶሮ ጋር አምታቷታል ማለት ነው። እሱንም ቢሆን ልንከሰው አይገባም፤ የትኛው ዘር ቀድሞ እንደሚደርስ እሱም አያዝበትም።

«ነውር ነው» የሚሉ አሉ። ነውር የሚያደርገው አነጋገሩ ነው እንጂ ነገሩ አይደለም። ተማሪዎቻችን ኮርማ ሲያጠቃ እያዩ፣ በግ ሲወልድ እየረዱ ያደጉ ናቸው። «ወላጆች ይቆጣሉ» የሚሉም አሉ። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ ስለዚህ ከበግና ከላም እንጀምር፤ ቆይተን ወደ ሰው እንሻገር። በርጋታና በቁም ነገር የተነገረን ትምህርት የወሎ ሽማግሌ፣ እስላም ሆነ ክርስቲያን፣ ይሰማል እንጂ አያሳድድም።

ስለዚህ ለልምምድ የምንወጣ ሁሉ ይህን ብናደርግ እላለሁ። አንደኛ፣ ከሥጋ ቤት የበግ ቆለጥ ገዝተን በክፍል ውስጥ ሰንጥቀን እናሳይ፤ ዋጋው ቀላል ነው፤ ሳቁም ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ሁለተኛ፣ ማዮሲስን በባቄላና በበቆሎ ፍሬ ጥንድ ጥንድ አድርገን እንደርድር። ሦስተኛ፣ ለሚያፍሩ ተማሪዎች ጥያቄ የሚጽፉበት ወረቀት እንስጥ፤ ስም አይጻፍበት። አራተኛ፣ መምህራኖቻችን ይህን ምዕራፍ ለእኛም ሳይዘሉ ያስተምሩን፤ እኛም የዘለልነው ተዘልሎብን ስለመጣን ነው።

እኔ ልምምዱ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ወደዚያው ክፍል ተመልሼ ባቄላና በቆሎዬን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። 32 ባቄላ፣ 31 በቆሎ። ልጅቱን ጠርቼ «እስቲ አጣምሪያቸው» አልኳት። አሰለፈቻቸው፤ አንዱ ባቄላ ብቻውን ቀረ። ከዚያም «የቀሩትም ቢሆን ባቄላና በቆሎ ናቸው፤ አይመሳሰሉም» አለች። ማንም አልሳቀም። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ታዲያ ጥፋቱ የበቅሏ አይደለማ?» አለችኝ። «አይደለም» አልኳት። ይህችን አንዲት ቃል ለማስተማር ሙሉውን ምዕራፍ ማለፍ ያስፈልጋል።

አባቶች «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» ይላሉ። ከማስተማሪያው መጽሐፍ ምዕራፍ በጥሶ የሚጥል መምህርም ገመዱን የሚያሳጥረው በራሱ ላይ ነው፤ በተማሪዎቹም ላይ ነው። የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሳ፤ ግድግዳው ሰፊ ነው።