የሚጠፋውን ማን ይወስናል?

በመሥሪያ ቤቶቻችን ሁለት ዓይነት መረጃ አለ፤ ሊቆይ ሲገባው የሚጠፋ እና ሊጠፋ ሲገባው የሚቆይ። የመጀመሪያው በአንዲት ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ተቀምጦ፣ ኮምፒውተሯ የተበላሸች ዕለት አብሯት ይቀበራል። ሁለተኛው ከአሮጌ ዲስክ ጋር በጨረታ ተሽጦ፣ ወይም በቆራሌው ጆንያ ተጭኖ ምናለሽ ተራ ይደርስና ገዢ ይጠብቃል። ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ ብዙ በሚነገርበት በዚህ ጊዜ ጉዳዩን ለቴክኒሻን ብቻ መተው አይገባም። የትኛው ይጥፋ፣ የትኛው ይቆይ ብሎ መወሰን የሥልጣን ጉዳይ ነውና። በእኛ ዘንድ ግን የሚወስን የለም፤ ዕድልና ቆራሌው ይወስኑታል።

ከመንዝ ልጀምር። ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት የሚከፈለው መንዝ ከጎረቤቶቹ ከግሼና ከመርሐቤቴ ጋር የብራና አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር፣ ከእነዚህ ደጋዎች አብያተ ክርስቲያናት የተገኙ ብዙ መጻሕፍት ተነሥተዋል። በጠቅላላው ዘጠኝ ሺህ ያህል መጻሕፍት ተቀዱ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ሄደ። በዚያም በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በደርግ ወታደሮች ጥይት ከተመቱ በኋላ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለአሥርት ዓመታት ካታሎጉን ሠሩ። ዛሬ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉ። የመንዝ አንድ ደብር መጽሐፉ ቢቃጠልበት ቃሉ አይጠፋበትም ማለት ነው። ይህ የሆነው አንድ ሰው «ሁለተኛው ቅጂ የት ይቀመጥ?» ብሎ ስለጠየቀ ነው።

የእነዚያን ካታሎጎች ገጽ የገለጠ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያያል፤ የፊተኛው ባለመጽሐፍ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ገብቶበታል። መጽሐፍ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ እንዲህ ይደረግ ነበር። ብራናው ግን ቢፋቅም የቀለሙን ዱካ ብዙ ጊዜ አይለቅም።

ሃርድ ዲስክም በዚህ ረገድ የብራና ዘመድ ነው። ፋይል «አጠፋሁ» ስንል ኮምፒውተሩ የሚሰርዘው ማውጫውን ነው፤ ጽሑፉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይተኛል። የማማክረው አንድ የማስተርስ ተማሪ በመሐል ሜዳ ዙሪያ ለወራት የሰበሰበውን ቃለ መጠይቅ የያዘው ላፕቶፕ አልነሣ ይለዋል። አንድ ጥገና ቤት ይወስደዋል። ባለሙያው ሳይጠይቀው ፎርማት አድርጎ አዲስ ዊንዶውስ ጫነበትና «ተሠርቶልሃል» ብሎ አስረከበው። ደግነቱ ልጁ ላፕቶፑን ወዲያው አጠፋው፤ ማንም ሊያደርገው የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው፤ ዲስኩን መጠቀም ማቆም። ከዚያ ትዕግሥት ያለው አንድ ወዳጄ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠውና፣ ዋናውን ሳይነካ በግልባጩ ላይ ፎቶሬክ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ለቀቀበት። ድምፆቹ አብዛኞቹ ተመለሱ። ስማቸው ግን አልተመለሰም፤ ይህ ዓይነቱ ፕሮግራም ፋይሉን በውስጡ ባለው ቅርጽ እንጂ በስሙ አያውቀውም። ተማሪው እያንዳንዱን ገበሬ በድምፁ ለይቶ እንደገና ስም ሲሰጥ ከረመ። አዲስ ዊንዶውስ ያረፈበት ክፍል ግን ጭራሹን ጠፍቷል። ዲስኩ ኤስኤስዲ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይህም ባልተገኘ ነበር፤ ኤስኤስዲ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ከኋላ እየተከተለ ያጸዳዋል።

ይህ የአንድ ተማሪ ነገር ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሞላሌና መዘዞ ደረሰ፤ ወደ ሰሜን ደግሞ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ። ከተዘረፈ ቢሮ የወጣ ኮምፒውተር ዋጋው በብር ተተምኖ በጉዳት ሪፖርት ይገባል፤ በውስጡ የነበረው ግን በምን ይተመናል? የመሬት ይዞታን እንውሰድ። መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተሸጋገረ ነው፤ መልካም ነው። ሆኖም የወረዳው ኮምፒውተር ቢጠፋና ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ባይኖር፣ የቀረው መረጃ ገበሬው ሣጥን ውስጥ ያለው የይዞታ ደብተር ነው። መንግሥት ያላሰበውን ሁለተኛ ቅጂ ገበሬው ይዞለታል።

ወደ ሌላው ወገን እንምጣ። ሲምሰን ጋርፊንከልና አቢ ሼላት የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች 158 ያገለገሉ ዲስኮችን ከገበያ ገዝተው መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ። ከሚሠሩት 129 ዲስኮች በትክክል የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። በሌሎቹ ውስጥ የሕክምና ደብዳቤና በሺህ የሚቆጠሩ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ጋና ውስጥ በቴማ ከተማ ገበያ በጥቂት ዶላር የተገዛ ዲስክ የአሜሪካ የመከላከያ ኩባንያ ሰነድ ይዞ ተገኘ። የሀብታሞቹ ምሥጢር ወደ አፍሪካ በዚህ መንገድ ከመጣ፣ የእኛው ወዴት ይሄዳል?

በአዲስ ዘመንና በበኵር ጋዜጦች ላይ ያገለገሉ ዕቃዎች የጨረታ ማስታወቂያ ለዘመናት አንብበናል፤ ወንበር፣ ጎማ፣ ኮምፒውተር። የንብረት ክፍሉ የኮምፒውተሩን ቁጥር ይመዘግባል፤ በውስጡ የማን ስም እንዳለ አይጠይቅም። በአንድ የወረዳ ዲስክ ላይ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች፣ የጤና ጣቢያ ታካሚዎች፣ የሚሊሻ አባላት ስም ዝርዝር ሊኖር ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ሌላ ጦርነት በገባበት ክልል የስም ዝርዝር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለአንባቢ አላብራራም።

«ታዲያ ሁሉም ይደምሰስ» የሚል ካለ ግን ቆም ይበል። የደርግ ባለሥልጣናት ከተከሰሱባቸው ማስረጃዎች ዋነኛው ራሳቸው ፈርመው ያስቀመጡት ወረቀት ነበር። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የሠራው በዚያ ወረቀት ነው። ከወንበሩ የሚነሣ ሹም በመጨረሻው ቀን ኮምፒውተሩን «ለጥንቃቄ» እንዲያጸዳ ብንፈቅድለት፣ ማስረጃውን በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ማጥፋቱን የሚፈቅደው ዲስኩን የተጠቀመበት ሰው መሆን የለበትም። አስቀድሞ የሚቆየው ይለይ፣ ወደ መዝገብ ቤት ይተላለፍ፤ ከዚያ የቀረው በፊርማና በምስክር ይጥፋ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ከተፈለገበት ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ይደነግጋል፤ አዋጁን የወረዳ ንብረት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ የሚያደርስ መመሪያ ነው የሚያስፈልገን።

ሥራው ራሱ ውድ አይደለም። የሚሽከረከረውን ዲስክ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በላዩ መጻፍ ይበቃዋል፤ ሠላሳ አምስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል የሚለው ወሬ ለድሮ ዲስኮች ከተጻፈ እ.ኤ.አ. የ1996 ጥናት የተረፈ ነው። ለኤስኤስዲ በላዩ መጻፍ አያስተማምንም፤ በራሱ ውስጥ ያለውን የማጽጃ ትእዛዝ መጠቀም፣ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በይለፍ ቃል መመስጠር ነው። የማይሠራውን ዲስክ መዶሻ ይጨርሰዋል፤ የኤስኤስዲ ግን ሽፋኑ ሳይሆን ትንንሾቹ ቺፖች ራሳቸው መሰባበር አለባቸው። ለሚቆየውም አንድ ቅጂ ወረዳው፣ አንድ ቅጂ ደብረ ብርሃን፣ አንድ ቅጂ ባሕር ዳር ቢቀመጥ ወጪው የጥቂት ዲስኮች ዋጋ ነው።

የጨረታ ማስታወቂያዎችን አሁንም አነባለሁ። «ሃርድ ዲስካቸው የወጣ ኮምፒውተሮች» የሚል እስካሁን አላጋጠመኝም።