«ይለመዳል» የሚባል መድኃኒት የለም

ባለፈው ክረምት አንድ የካዛንቺስ ጎረቤቴን ላስታምም ሦስት ሌሊት ሆስፒታል አደርኩ። ጋሼ እንበላቸው። ፕሮስቴት ነው፤ ሽንት አልወጣ ብሏቸው፣ ሆዳቸው ተወጥሮ ነው የገቡት። ካቴተር ሲገባላቸው እፎይ አሉ። እፎይታው ግን ግማሽ ቀን አልቆየም።

ቱቦው የትም ሳይያያዝ ተንጠልጥሏል፤ በተገላበጡ ቁጥር ይጎትታቸዋል። «ሽንቴ መጣ፣ አንሱኝ» ይላሉ። ከረጢቱ ሞልቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ለተረኛው ነርስ ስነግረው «ይለመዳል፣ ይቻሉት» አለኝ። ጠዋት ራውንድ የመጡት ሐኪሞች ስለ ኩላሊታቸው፣ ስለ ደማቸው፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ተነጋገሩ። «ቱቦው ያምዎታል ወይ?» ያለ አንድም አልነበረም።

«ደዌውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ጋሼ አልሸሸጉም። ያውም በዚያ ዕድሜያቸው፣ ስለዚያ ቦታ፣ በሰው ፊት ተናገሩ። መልሱ «ይለመዳል» ሆነ።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ተረኛውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፍሉን ሙሉ ብቻውን ይዞ ሲሮጥ ነው ያደረው። ጠቤ ከዚያች ቃል ጋር ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ካቴተር የገባላቸውን ከ2,000 በላይ ሕመምተኞች ጠይቆ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ችግር ገጥሟቸዋል። አብዛኛው ደግሞ ኢንፌክሽን አልነበረም፤ ሕመም፣ ድንገተኛ የሽንት ስሜት፣ ደም፣ ከሥራና ከኑሮ መስተጓጎል ነው። ኢንፌክሽኑን በላቦራቶሪ እናየዋለን፣ እንቆጥረዋለን። ሕመሙን ግን ሰውየውን ካልጠየቅን የሚነግረን መሣሪያ የለም።

በ2000 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ሐኪሞችን «ከሕመምተኞቻችሁ ካቴተር ያለው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ከተማሪዎቹ 21 በመቶው፣ ከዋና ኃላፊ ሐኪሞቹ 38 በመቶው አላወቁም። ማዕረጉ ከፍ ሲል አለማወቁም ከፍ አለ ማለት ነው። ቱቦው መኖሩን የማያውቅ ሐኪም ማሳመሙን እንዴት ያውቃል?

አሁን ወደ «ይለመዳል» እንመለስ። ምን ማድረግ ይቻል ነበር?

አንደኛ፣ ቱቦው ያስፈልጋል ወይ? ሽንት ለተከለከለ ሰው እፎይታ ነው። አንሶላ መቀየር ስለሚያሰለች ማስገባት ግን ሕክምና አይደለም። ቱቦው በቆየበት በእያንዳንዱ ቀን ከ100 ሰዎች ከ3 እስከ 7 በሚሆኑት ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ይገባል። ስለዚህ «ዛሬ ይውጣ ወይስ ይቆይ?» የሚለው ጥያቄ በየጠዋቱ መነሳት አለበት።

ሁለተኛ፣ ልኩ። በቱቦው ላይ ያለውን ቁጥር ለሦስት ብታካፍሉት ውፍረቱን በሚሊሜትር ታገኛላችሁ፤ 18 ቁጥር 6 ሚሊሜትር ነው። የረጋ ደም ከሌለ ለብዙ ሰው ከዚያ ቀጠን ያለው ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ማደንዘዣ ጄል። ሊዶኬይን ያለው ጄል ገብቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ወዲያው ቀብቶ ወዲያው መግፋት ግን ጄሉን ማባከን ነው።

አራተኛ፣ ፕላስተር። ቱቦው ትንሽ ላላ ተደርጎ ጭን ላይ ከተያያዘ አይጎትትም። ከረጢቱ ከፊኛ ዝቅ ብሎ ይሰቀል፣ ወለል አይንካ፣ ከመሙላቱ በፊት ይደፋ። የጋሼ ሕመም ግማሹ እዚህ ጋ ነበር።

አምስተኛ፣ ማስረዳት። ቱቦውን ይዞ የሚያስቀረው በውሃ የተነፋው ጫፍ የፊኛን አንገት ስለሚነካ ፊኛው ባዶ ሆኖም ሽንት የመጣ ይመስላል። ይህን የተነገረው ሰው ቢያንስ አይደነግጥም። ቁርጠቱ ከበረታ ደግሞ የሚያስታግስ መድኃኒት አለ። ሽንት መውረዱን አቁሞ ሆድ ከተወጠረ፣ ትኩሳት ወይም ደም ከታየ «ይለመዳል» ማለት ስንፍና ብቻ አይደለም፤ አደጋ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቀው ስንቱ ነው? ፕላስተርና ጄል። ቀሪው ዓይን፣ እጅና አንደበት ነው።

«ሀገር በስንት ጉዳይ ተወጥራ አንተ ስለ ሽንት ቱቦ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የጤና ባለሙያው ደመወዝ አይበቃውም፤ በግንቦት 2017 ሥራ እስከማቆም ያደረሰውን ጥያቄ ሁላችንም አይተናል። ጥያቄው ትክክል ነበር። እኔም የምለው ከእሱ ጋር አይጣላም፤ አንድ ነርስ ለአንድ ሙሉ ክፍል ሲመደብ መጀመሪያ የሚቀረው «ያምዎታል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነውና። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ እያለ ሲያስተምር ኖሯል። ርኅራኄ ግን በመፈክር አይመጣም፤ በሰው ኃይልና በፕላስተር ነው።

«እኛ ሀገር አይቻልም» ለሚሉ ደግሞ እነ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 የመሠረቱት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል አለ። ፊስቱላ የተጠገነላት ሴት ለብዙ ቀናት ከካቴተር ጋር ትተኛለች፤ ቱቦው ከተደፈነ ፊኛው ሞልቶ ስፌቱ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ እዚያ ቱቦውን መጠበቅ ራሱ ሕክምና ነው። ራሳቸው ታክመው የዳኑ ሴቶችም ረዳት ነርስ ሆነው ሌሎችን አስታምመዋል። ሕመሙን የሚያውቅ ሰው «ይለመዳል» አይልም።

ጋሼ ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ቱቦውን ይዘው ወጡ። ግን ወደ የት? በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራ ከሄዱት አንዱ ናቸው። ድሮ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ለመድረስ ታክሲ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ በየበሩ እጁን የሚሰጥ ጎረቤትም ነበራቸው። አሁን ከረጢቱን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው፣ ጭናቸው ላይ ይዘው ሁለት ታክሲ ተሳፈሩ። ከረጢት ከፊኛ ከፍ ሲል ሽንት ተመልሶ እንደሚገባ የነገራቸው የለም። ቱቦው መቼ እንደሚቀየር፣ ቢደፈን ማንን እንደሚጠሩም እንዲሁ። እድሩ ተበትኗል፤ ሆስፒታሉ ግን አሁንም «አስታማሚው ያውቃል» ብሎ ነው የሚሸኘው።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ካቴተር ያለበት አልጋ ሁሉ ራስጌ፣ የገባበት ቀንና «ዛሬም ያስፈልጋል?» የሚል መስመር ያለው አንድ ወረቀት ይለጠፍ። በየፈረቃው «ያምዎታል?» ተብሎ መልሱ ይጻፍ። ቱቦ ይዞ ለሚወጣ ሰው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አንድ ገጽ መመሪያ ከስልክ ቁጥር ጋር ይሰጠው። ዘውዲቱንና ጋንዲን የያዘው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ለከተማው ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ሊጀምረው ይችላል።

እናንተም ነገ አስታማሚ ናችሁ። «ይለመዳል» ስትባሉ ዝም አትበሉ። «ፕላስተር አለ? ከረጢቱ የት ይሰቀል? መቼ ይወጣል?» በሉ። ቱቦውን ግን ራሳችሁ እንዳትጎትቱ፤ ጫፉ እንደተነፋ ነው።

ጋሼ እስከ ዛሬ አልለመዱትም።