የልጅ ቁመት በጎረቤት ልጅ አይለካም

የፊዚክስ መምህር ስለ ሕፃናት ምግብ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ሙያዬ መለካት ነው፤ ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝም አንድ የመለካት ስህተት ነው።

ለሥራ ወደ መካነ ሰላም በሄድኩበት ወቅት ስለ ልጃቸው ቁመት የጠየቅኋቸው አንዲት እናት፣ «ዘራችን ነው ልጄ፤ የጎረቤቶቻችን ልጆችም እኮ ይኸው ናቸው» አሉኝ። እኒህ እናት የልጃቸው ነገር ግድ ሳይሰጣቸው ቀርቶ አይደለም፤ ያነጻጸሩበት መለኪያ ራሱ አጭር ሆኖባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ግማሽ ያህሉ ልጅ በቀነጨረበት መንደር መቀንጨር ለዓይን አይታይም።

«ዘር ነው» የሚለውም አያስኬድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የእድገት መስፈርት የተዘጋጀው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በመልካም ሁኔታ ያደጉ ሕፃናትን በመለካት ነው፤ እድገታቸውም ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ መስፈርት ሁለት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ቆሞ ሲለካ በአማካይ 87 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከ81 በታች ከሆነ ቀንጭሯል።

ድህነትና ተደጋጋሚ ሕመም የመቀንጨር መንስኤዎች መሆናቸው አይካድም። ይሁን እንጂ በዚያ ደጋ ገብስ፣ ባቄላና አተር ይመረታል፤ ዶሮም ይረባል። እንቁላሉ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ለሕፃኑ የሚቀርብለት ቀጭን አጥሚት ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ በመሆኑ በውሃው ይሞላል፤ ሕፃኑም በቂ ጉልበት ሳያገኝ ይጠግባል። የባቄላ ዱቄትና ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት የገባበት፣ ከማንኪያ የማይንጠባጠብ ወፈር ያለ ገንፎ ግን በዚያችው ሆድ ውስጥ እጅግ የበለጠ ጉልበት ይይዛል። አንድ እንቁላል ሲጨመርበት ደግሞ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል። በጾም ወራትም ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን እንዲጾሙ ባታስገድድም፣ ዕቃው እንዳይነካካ በሚል ስጋት ሕፃኑ ሳያውቀው ከወላጆቹ ጋር ይጾማል።

ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባሉት 1000 ቀናት የጎደለውን በኋላ መሙላት እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ታናሾቻችሁን ለኩ፤ ያገኛችሁትንም ቁጥር ለወላጆቻችሁ በአክብሮት አስረዱ። ልጁን የሚወድ ወላጅ ትክክለኛውን መለኪያ ካገኘ እንቁላሉን ለማን እንደሚያስቀር አይጠፋውም።