የተዘረፈው ማን ነው?

በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ የሚኖሩ ኹለት ወጣቶች፥ ማክልሞር የተባለው ግጥም ነጋሪና ራያን ሉዊስ የተባለው ዜማ አቀናባሪ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2012 በኦክቶበር ወር «ዘ ሃይስት» የተባለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። ትርጓሜውም ዝርፊያ ማለት ነው። ያወጡትም ከታላላቆቹ የሸክላ ኩባንያዎች ለአንዱ ሳያድሩ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 78,000 ያኽል ተሸጦ በአገሩ የሽያጭ ሠንጠረዥ 2ኛ ኾነ። ስለ ሰልባጅ ልብስ የሚናገረው «ትሪፍት ሾፕ» የተባለው ዘፈናቸውም በ2013 1ኛ ሲወጣ፥ ያለ ታላቅ ኩባንያ ድጋፍ ለዚህ ማዕርግ የበቃ ዘፈን ከ1994 ወዲህ አልታየም ነበር ተባለ።

በዚህ የሚነቅፏቸው አሉ። አልበሙን ለየሱቁ ያደረሰላቸው የዋርነር ኩባንያ ክፍል ነው፥ ዘፈኑም በራዲዮ እንዲሰማ የደከሙላቸው የዚያው ኩባንያ ሰዎች ናቸው፤ እንግዲህ ነጻ ነን ማለታቸው ሐሰት ነው ይላሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ስሕተት ነው። አንባቢዎች ሆይ፥ የባላገሩን ሥራ ተመልከቱ። ቀድሞ በሰው ርስት ላይ ጭሰኛ ኾኖ የሚያርስ ሰው እኽሉ በተሰበሰበ ጊዜ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ለባለ ርስቱ ይሰፍር ነበር፤ ርስቱም ምንጊዜም የርሱ አይኾንም ነበር። በገዛ ርስቱ አርሶ እኽሉን ወደ ገበያ ለማድረስ አህያ የሚከራይ ግን ኪራዩን ከፍሎ ያሰናብት ነበር። አህያ ስለ ተከራየ ጭሰኛ ነው የሚለው ማን ነው? እነዚህ ኹለቱ የተከራዩት አህያውን ነው፤ የቀረጻው ባለቤትነት በእጃቸው ቀርቷል። በዚያውም አልበም ውስጥ በታወቀው የሸክላ ነጋዴ በጂሚ አዮቪን ስም የጠሩት ዘፈን አለ፤ ኩባንያዎቹ ለወጣት ዘፋኝ የሚያቀርቡለት ውል እንዴት ያለ እንደ ኾነ እየቀለዱ አሳይተውበታል።

ወዳጆቻቸው ግን ከዚህ አልፈው፥ ራሳቸውን ችለዋልና ያገኙት ኹሉ ይገባቸዋል ይላሉ። እዚህ ላይ ከነርሱ እለያለኹ። በጃንዩዌሪ 2014 በግራሚ በዓል ኹለቱ 4 ሽልማት ወሰዱ፤ አንዱም የራፕ አልበም ሽልማት ነበር። ለዚሁ ሽልማት አብሮ የቀረበው የኮምፕተኑ ልጅ ኬንድሪክ ላማር በ7 ታጭቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። የርሱ «ጉድ ኪድ፥ ማድ ሲቲ» አንድ ወጣት በወሮበሎችና በፖሊሶች መካከል እንዴት እንደሚያድግ የሚተርክ፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አንድ ታሪክ የተያያዘ ሥራ ነው። የሲያትሎቹ አልበም ጨዋታው ያማረ ነው፥ ይመሰገናል፤ ከዚያኛው ጋር ግን አይተካከልም። ራፕ በ1970ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ከብሮንክስ ድኾች፥ ይልቁንም ከጥቁሮቹ ወጣቶች መካከል የበቀለ ጥበብ ነውና፥ ዳኞቹ ለኹለቱ ነጮች ሲፈርዱ ብዙ ሰው በምሬት ቢያጕረመርም አያስደንቅም።

ማክልሞርም ይኽን ዐወቀ። ለላማር መልእክት ጽፎ፥ ሽልማቱ ላንተ ይገባ ነበር፥ ተዘረፍኽ አለው። አልበሙን ዝርፊያ ብሎ የሰየመ ሰው ይኽን ቃል መጻፉ እንዴት ያለ ነገር ነው! እስከዚህ ድረስ ጨዋነት ነው። ነገር ግን የላከውን መልእክት መልሶ በኢንስታግራም ለሕዝብ ኹሉ አሳየው። ለአንድ ሰው የተላከ ይቅርታ በአደባባይ ሲሰቀል የሚጠቅመው ተቀባዩን ነው ወይስ ላኪውን? በመድረክ ልናገረው አስቤ ሳለ ሙዚቃው ስለ ጀመረ ደነገጥኹ ሲልም በዚያው ጽፏል። ደንግጦ ይኾናል፤ አልጠረጥረውም። ኾኖም የአዲስ ዘፋኝ ሽልማት ሲቀበል፥ አልበሙን ያለ ኩባንያ መሥራታቸውን ለመናገር ጊዜ አላጣም። አንዲት ቃል ስለ ላማር ቢጨምር የሚቈጣው ጌታ አልነበረውም፤ ለማንም አላደረም ብለን የተሟገትንለት ሰው ነውና።

ስለ ነጮች ብልጫ ረዥም ዘፈን ያወጣው ኹለት ዓመት ዘግይቶ፥ በ2016 በኹለተኛው አልበማቸው ነው። ላማር ግን በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ የራፕ አልበምን ሽልማት በሌላ ሥራው ወስዶ ነበር።